አለቃ የሌለው ሥራ፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ አንድ ዐይነት ሥራ ይሠራሉ። አንዱ ከሰዓት በኋላ በታክሲ ተሳፍሮ የሰው ልጅ ሊያስጠና ይሄዳል። ሌላው ሌሊት ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ይተረጉማል፣ ወይም ለውጭ አገር ደንበኛ ፕሮግራም ይጽፋል። አንዲቱ በክረምት ለጥናት የሚሆን መረጃ ልትሰበስብ ወደ ክፍለ ሀገር ትወጣለች። ሌላው ደግሞ የዘመድ መኪና ተቀብሎ ቅዳሜና እሑድ በስልክ የሚጠራውን ተሳፋሪ ያመላልሳል። ከተመረቅንም በኋላ ደመወዝ ያለው ቋሚ ሥራ እስኪገኝ ድረስ የብዙዎቻችን እንጀራ ከዚሁ የሚወጣ ነው። እንግዲህ ይህ ሥራ በሰውነታችን፣ በአእምሮአችንና በኑሮአችን ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ ተገቢ ነው እንላለን።

በዚህ ነገር ሁለት ወገን እንሰማለን። አንደኛው ወገን «አለቃ የለብኝም፤ የሰዓት ፊርማ የለብኝም፤ ነፃ ሰው ነኝ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ይህ የሥራ አጥነት ሌላው ስሙ ነው» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። አለቃ አለመኖሩ ብቻውን ሰውን ነፃ አያወጣም፤ ብቻውንም አይጎዳም። ዋናው ጥያቄ ሠራተኛው የማይሆን ሥራ ሲቀርብለት «ይህን አልሠራም» ለማለት አቅም አለውን? የሚለው ነው። አቅሙ ካለው ይህ ሥራ ጤና ነው፤ ከሌለው ግን የማይታይ አለቃ ተሹሞበታል ማለት ነው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

ሥራው ምንድን ነው?

ሕዝቡ «ተባራሪ ሥራ» ይለዋል፤ ወጣቱ «ፍሪላንስ» ይለዋል። ሁለቱም ስሞች የሚያስተምሩት ነገር አለ። ተባራሪ መባሉ ዛሬ ተገኝቶ ነገ ስለሚያመልጥ ነው። ፍሪላንስ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ ለአንድ ጌታ ሳይታሰር ጦሩን ለከፈለው ሁሉ የሚያከራይ ወታደርን ያመለክት ነበር። ባጭሩ ሰውየው ጊዜውን በወር ደመወዝ አይሸጥም፤ እያንዳንዱን ሥራ በቁርጥ ዋጋ ይሸጣል እንጂ።

ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ፣ በመርካቶ ጭነት የሚያወርደው ተሸካሚ፣ ከድግስ ወደ ድግስ የሚዞረው አዝማሪ፣ በየመንደሩ የሚጠራው ግንበኛ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ሲኖሩ ቆይተዋል። አዲሱ ነገር ሥራው ሳይሆን አገናኙ ነው። ቀድሞ ሠራተኛውንና አሠሪውን የሚያገናኘው ደላላ ነበር። ደላላ ድርሻውን ይወስዳል፤ ነገር ግን ሰው ስለ ሆነ ይለመናል፣ ይወቀሳል፣ አንዳንድ ጊዜም ያፍራል። ዛሬ ግን በብዙ ቦታ አገናኙ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ሆኗል። በከተማችን ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረቱት ራይድና እርሱን የመሳሰሉት አገልግሎቶች ተሳፋሪን ከባለ መኪና ያገናኛሉ፤ በዓለም ዙሪያ ደግሞ እንደ አፕወርክ ያሉት ተርጓሚን፣ ሠዓሊንና ፕሮግራም ጸሐፊን ከማያውቀው ደንበኛ ጋር ያገናኛሉ። በዚህ ዐይነት አሠራር ሥራውን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሒሳብ ነው፤ የሠራተኛውም ስም በደንበኞች በሚሰጥ ኮከብ ይመዘናል። ከሒሳብ ጋር ደግሞ መከራከር አይቻልም።

የሚሰጠው ጥቅም

ጥቅሙን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። ተማሪ ጧት ትምህርት አለው፤ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ አለው፤ በፈተና ሰሞን ምንም ትርፍ ጊዜ የለውም። ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት አይሆነውም። ማስጠናትና መተርጐም ግን ይሆነዋል። ልጅዋን የምታሳድግ እናት፣ በሰውነቱ ጉዳት ምክንያት በየቀኑ በአውቶቡስ መጋፋት የማይችል ሰው፣ ዘመድ ስለሌለው በደጅ ጥናት የሚንገላታ ምሩቅ፣ እነዚህ ሁሉ በዚህ ሥራ በር ተከፍቶላቸዋል። በውጭ ምንዛሪ ለሚከፈለው ሰው ደግሞ፣ በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ያው ሥራ በብር ሲቆጠር የሚያስገኘው ገንዘብ ከፍ ብሏል።

ከገንዘቡ በላይ አንድ ሌላ ጥቅም አለ። ሮበርት ካራሴክ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጥናት የአሜሪካንና የስዊድንን ሠራተኞች መርምሮ ነበር። በጥናቱ መሠረት ሰውን ይበልጥ የሚያስጨንቀው የሥራው ብዛት ብቻውን አይደለም። ሥራው በዝቶ ሳለ ሠራተኛው እንዴትና መቼ እንደሚሠራው የመወሰን ሥልጣን ሲያጣ ነው ጭንቀት የሚበረታው። እንግዲህ ጊዜውንና ዘዴውን ራሱ የሚመርጥ ሰው ብዙ ቢሠራም ደስተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን ቃሉን ልብ እንበል፤ የሚመርጥ ነው የተባለው። የቤት ኪራይ ቀን ደርሶበት የመጣውን ሁሉ የሚቀበል ሰው በወረቀት ላይ ነፃ ነው፤ በተግባር ግን ምርጫ የለውም።

ከገንዘብ በቀር ሥራ ምን ይሰጣል?

በቪየና ከተማ አጠገብ ማሪየንታል የምትባል የፋብሪካ መንደር ነበረች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በተዘጋ ጊዜ መንደሩ በሙሉ ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉት ተመራማሪዎች ከሕዝቡ ጋር ውለው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1933 በመጽሐፍ አወጡ። እንግዲህ ጊዜ የተረፈው ሰው ብዙ ያነባል ብለን እንገምት ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወሰደው መጽሐፍ ቀነሰ። ወንዶቹ በመንገድ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገየ፤ ቀኑን በምን እንዳሳለፉት ሲጠየቁ መመለስ ያቅታቸው ነበር።

ያሆዳ ከዚህ ተነሥታ በኋላ እንዳስረዳችው፣ ሥራ ከገንዘብ ሌላ አምስት ነገር ይሰጣል። አንደኛ፣ ቀኑን በሰዓት ይከፍልልናል። ሁለተኛ፣ ከቤተ ሰብ ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር ያገናኘናል። ሦስተኛ፣ ብቻችንን የማንችለውን ዓላማ ከሌሎች ጋር እንድንፈጽም ያደርገናል። አራተኛ፣ በሰው ዘንድ ስምና ቦታ ይሰጠናል። አምስተኛ፣ እንድንነቃና እንድንንቀሳቀስ ያስገድደናል።

እነዚህን አምስት ነገሮች ይዘን ተባራሪውን ሥራ ብንመረምረው ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ገንዘቡ ሊመጣ ይችላል፤ አምስቱ ግን አብረው አይመጡም። በሌሊት ለሩቅ አገር ደንበኛ የሚሠራ ልጅ ቀኑና ሌሊቱ ይምታታበታል። ከማን ጋር እንደሚሠራ ፊቱን አያውቅም። የተረጐመው ጽሑፍ ምን ላይ እንደ ዋለ አይነገረውም። አጎቱ «የት ነው የምትሠራው?» ብሎ ሲጠይቀው የሚሰጠው መልስ አጥቶ «እቤት ነኝ» ይላል፤ አጎቱም ሥራ እንደ ፈታ ይቆጥረዋል። ከመኝታ ክፍሉም ሳይወጣ ሦስት ቀን ሊያልፈው ይችላል። ከእኛ መካከል በዚህ ሥራ ገንዘብ እያገኙ ሳለ ለምን እንደሚከፉ የማይገባቸው ቢኖሩ፣ ምክንያቱ ስንፍና ወይም የጠባይ ድካም ሳይሆን ይህ ሊሆን እንደሚችል ይወቁ። ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ በነፃ የሚያገኘውን እነርሱ በራሳቸው እጅ መሥራት አለባቸው።

ክፉውን ቀን የሚሸከመው ማነው?

ደመወዝተኛ ሥራ ሲቀዘቅዝም ደመወዙን ይቀበላል፤ የክፉውን ቀን ኪሣራ በመጀመሪያ የሚሸከመው አሠሪው ነው። በተባራሪ ሥራ ግን ክፉውን ቀን የሚሸከመው ሠራተኛው ብቻ ነው። ተማሪው ቢታመም አስጠኚው አይከፈለውም፤ አስጠኚውም ቢታመም አይከፈለውም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ፣ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ሰው ኪሣራውን የሚጋራው አልነበረም። ደንበኛው የኢትዮጵያን ችግር አያውቅም፤ የሚያየው ሥራው በቀኑ አለመድረሱን ብቻ ነው።

ይህ ስጋት የሰውን አሳብ ወደ ዕለቱ ብቻ ያጠብበዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኮሊን ካሜረርና ጓደኞቹ ስለ ኒው ዮርክ ታክሲ ነጂዎች አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ብዙዎቹ ነጂዎች የዕለት ግብ ይዘው እንደሚሠሩ፣ በዚህም ምክንያት ገበያ በደራ ቀን ቶሎ ወደ ቤት እንደሚገቡና ገበያ በጠፋ ቀን አምሽተው እንደሚነዱ ጻፉ። ሌሎች ምሁራን በሰፊው መረጃ ሲመረምሩት እንዲህ የሚያደርጉት ነጂዎች ብዙ አይደሉም ብለው ተከራክረዋል። ቢሆንም ነገሩ በእኛም ከተማ የማይታይ አይደለም፤ ጉዳቱንም በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። አንድ ነጂ በደራ ቀን በሰዓት 400 ብር፣ በቀዘቀዘ ቀን 200 ብር ያገኛል እንበል። «በየቀኑ 2400 ብር ሳልይዝ አልገባም» ካለ በመጀመሪያው ቀን 6 ሰዓት፣ በሁለተኛው ቀን 12 ሰዓት ይነዳል፤ በ18 ሰዓት 4800 ብር ሆነ ማለት ነው። በሁለቱም ቀን 9 ሰዓት ቢነዳ ኖሮ ግን በዚያው በ18 ሰዓት 5400 ብር ያገኝ ነበር። ከ600 ብር ጋር እንቅልፉንም አጥቷል።

ሌላው ድብቅ ኪሣራ የማይከፈልበት ሰዓት ነው። አንድ ተማሪ 4000 ብር ተስማምቶ አንድ ጽሑፍ በ20 ሰዓት ተረጐመ እንበል። «በሰዓት 200 ብር አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ሥራውን ለማግኘት 5 ሰዓት ደጅ ጠንቷል፤ ደንበኛው «እንደገና አስተካክለው» ስላለው 4 ሰዓት ጨምሯል፤ ገንዘቡን ለመቀበል 3 ሰዓት ተመላልሷል። ጠቅላላው 32 ሰዓት ነው። ለትራንስፖርትና ለኢንተርኔት 400 ብር አውጥቷል። እንግዲህ 3600 ብር ለ32 ሰዓት ሲካፈል 112 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ይህን ሳያሰላ የሚኖር ሰው ገቢው ለምን እንደማይበቃው አይገባውም፤ ስለዚህ ሰዓቱን ያበዛል።

ሰዓት ማብዛት ደግሞ በሰውነት ላይ ዕዳ ይጥላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በአንጎል ደም ሥር ሕመም የመያዙ አደጋ 35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞቱ አደጋ 17 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በ2016 ብቻ በዚህ ምክንያት በዓለም 745,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ገምተዋል። በሳምንት 30 ሰዓት የሚማርና የሚያጠና ተማሪ 25 ሰዓት ሥራ ሲጨምርበት 55 እንደሚሞላ ማስታወስ ነው። ጥናቱ የተደረገው ስለ ሥራ ሰዓት እንጂ ስለ ትምህርት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን እንቅልፍ ያጣው ሰውነት አንድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለተቀጣሪው ብዙ ነገር ያረጋግጣል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት የማይቆራረጥ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ሠራተኛው ቢታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያለውን ሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ ያገኛል። ነፍሰ ጡር ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች።

ይሁን እንጂ ይኸው አዋጅ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ሰው አይመለከትም። በራሱ ሱቅ ለሚነግድ ሰው ይህ ትክክል ነው። ዋጋውን ሌላ እየወሰነለት፣ ሥራውን ሌላ እየደለደለለት፣ ስሙን ሌላ እየመዘነበት የሚሠራው ሰው ግን በእውነት የራሱ ነጋዴ ነውን? ይህ ጥያቄ በሌላም አገር ተነሥቷል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. የኡበር ነጂዎች የራሳቸው ነጋዴዎች ሳይሆኑ ዝቅተኛ የደመወዝ ልክና የተከፈለበት ዕረፍት የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው ብሎ ፈረደ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሥራ መመሪያ አውጥቶ፣ አገናኙ ሥራውን የሚመራና የሚቆጣጠር መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሲኖር ሰውየው እንደ ተቀጣሪ እንዲገመት፣ አይደለም የሚለውም አገናኙ እንዲያስረዳ ወሰነ። እንግዲህ ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ሰው የሚያወጣውና የሚያሻሽለው ሕግ ነው። የሕግ ተማሪዎቻችን በዚህ ላይ ቢመራመሩና ቢጽፉ ለብዙ ወጣት ይጠቅማሉ።

ምን እናድርግ?

ሕጉ እስኪሻሻል እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። ከላይ እንዳልነው ዋናው ነገር «አልሠራም» ለማለት አቅም መገንባት ነው። ለዚህ የሚረዱ አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ሰዓትን መቁጠር። ደጅ የተጠናበትን፣ የተመላለስንበትንና የታረመበትን ጊዜ ሁሉ ለአንድ ወር በደብተር እንጻፍ። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ዋጋ የሚታወቀው።

ሁለተኛ፣ ውልን በጽሑፍ ማድረግና ቀብድ መቀበል። ስንት ገጽ፣ በስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ እርማት፣ ክፍያው መቼ የሚሉት ነገሮች በግማሽ ገጽ ይጻፋሉ። ቀብድ የማይሰጥ ደንበኛ ብዙ ጊዜ መጨረሻውንም ያስቸግራል።

ሦስተኛ፣ ለቀኑ ድንበር ማበጀት። ሥራ የሚጀመርበትና የሚቆምበት ሰዓት ይኑር፤ በሳምንት አንድ ቀን ፈጽሞ አይሠራ። የገቢ ግብ ከዕለት ይልቅ በሳምንት ወይም በወር ይያዝ። በፈተና ሰሞን ሥራ እንደማንቀበል ለደንበኛው ከወር በፊት ማስታወቅ ያስከብራል እንጂ አያስንቅም።

አራተኛ፣ መጠባበቂያ ማኖር። ከእያንዳንዱ ክፍያ ጥቂት ተቀንሶ ቢቀመጥና የአንድ ወር ወጪ ቢጠራቀም፣ መጥፎ ሥራን እንቢ ለማለት የሚያስችለው የመጀመሪያው ጉልበት እርሱ ነው። ዕቁብ ለዚህ ይረዳል፤ ነገር ግን ዕቁብ በተራ ወይም በዕጣ የሚወጣ ስለ ሆነ በታመምን ቀን ላይደርሰን ይችላል። ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር የሚሻለው የዕድር ዐይነት ነው።

አምስተኛ፣ ብቻን አለመሥራት። ሁለት ሦስት ሆኖ በአንድ ክፍል ተቀምጦ እየየራስን መሥራት ያሆዳ ከቆጠረቻቸው አምስት ነገሮች ቢያንስ ሁለቱን ይመልሳል፤ ሰዓት ይከበራል፣ ሰውም ይገኛል።

የመጨረሻው ነጥብ ወደ ማኅበራችን ያመጣናል። ዛሬ አንዱ አስጠኚ የጠየቀውን ዋጋ ሌላው ከመካከላችን ወጥቶ በግማሹ ይቀበላል። ወላጁም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይጥላል። በመጨረሻ የምንወዳደረው ማን በተሻለ ያስተምራል በሚል ሳይሆን ማን አብልጦ ተቸግሯል በሚል ነው። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበር ሦስት ነገር እንዲያደርግ አሳብ እናቀርባለን። የሚያስጠኑና የሚተረጉሙ ተማሪዎችን መዝገብ ይክፈት፤ ከዚህ በታች ማንም እንዳይሠራ የሚመከርበት የዋጋ ዝርዝር በየመንፈቀ ዓመቱ ያውጣ፤ ከተመዘገቡት በየወሩ ትንሽ መዋጮ ሰብስቦ ለታመመው ወይም ክፍያው ለተከለከለው የሚያበድር የዕድር ሣጥን ያቋቁም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ክፉውን ቀን አንድ ሰው ለብቻው ሲሸከመው የሚሰበረውን ያህል፣ ብዙ ሆኖ ሲሸከመው ተራ ቀን ይሆናል።

አለቃ የሌለው ሥራ እየሰፋ ይሄዳል እንጂ የሚቀንስ አይመስለንም። ሥራውን መጥላትም ማምለክም አይበጅም። የሚበጀው፣ ዕድሜያችንንና ጤናችንን በስንት እንደምንሸጥ አውቀን፣ ከዚያ በታች ሲጠየቅ በአንድ ድምፅ «አይሆንም» ለማለት መሰናዳት ነው። መዝገቡን ለመክፈት የፈቀደ ሁሉ ስሙን ለክፍሉ ተጠሪ ይስጥ።